አድቨርብ ወይስ አድጀክቲቭ? «ሊ» እያዩ መልስ ማክበብ ለምን ያሳስታል

ኮዬ_አስጠኚ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ልጆቹ ይዘውት የመጡት ሕግ «ከግስ ቀጥሎ የመጣ ቃል አድቨርብ (ተውሳከ ግስ) ነው፣ አድቨርብ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሊ አለው፤ ከስም በፊት ከመጣ አድጀክቲቭ (ቅጽል) ነው» የሚል ነው። በዚህ ሕግ ሲሄዱ ከታች ያሉትን አምስቱንም ይስታሉ።

1. ዚስ ኮፊ ስሜልስ ... (ስትሮንግ / ስትሮንግሊ)
2. ሂ ወርክስ ቬሪ ... (ሃርድ / ሃርድሊ)
3. አይ ፋውንድ ዚ ኤግዛም ... (ኢዚ / ኢዚሊ)
4. ሺ ስማይልድ አት አስ ... (ፍሬንድሊ / ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ)
5. ኢት ዋዝ አን ... ኮልድ ሞርኒንግ ኢን ሱሉልታ (አንዩዡዋል / አንዩዡዋሊ)

መልሶቹ በተራ ስትሮንግ፣ ሃርድ፣ ኢዚ፣ ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ፣ አንዩዡዋሊ ናቸው። የምፈልገው ልጅ ፈተና ላይ ብቻውን ሆኖ ሊጠቀምበት የሚችል መለያ ነው። በቃል ለማስያዝ ዝርዝር ብቻ መስጠት አልፈልግም።

መምህር_ዘለገጣፎ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎቹን በደንብ መርጠሃቸዋል፤ አምስቱም የተለያዩ ወጥመዶች ናቸው። ልጆቹ የያዙት ሕግ የሚወድቀው የቃሉን ቦታና ጅራት ብቻ ስለሚያይ ነው። መታየት ያለበት ቃሉ ማንን እንደሚገልጽ ነው።

እንዲህ አሠራቸው። መጀመሪያ ቃሉን ያስምሩበት። ከዚያ በእርሳስ ቀስት አስነስተው ቃሉ ወደሚገልጸው ነገር ይውሰዱት። ቀስቱ ስም ወይም ተውላጠ ስም ላይ ካረፈ አድጀክቲቭ ነው። ግስ ላይ፣ ሌላ አድጀክቲቭ ላይ፣ ሌላ አድቨርብ ላይ ወይም ሙሉው ዓረፍተ ነገር ላይ ካረፈ አድቨርብ ነው። ቀስት ሳይሳል መልስ አይከበብ። መጀመሪያ ላይ ጊዜ ይፈጃል፤ ቆይቶ ግን እርሳሱ ሳያስፈልጋቸው በዓይናቸው ይሠሩታል።

አንደኛው ላይ እንሞክረው። ጠንካራው ማነው? ቡናው ነው ወይስ ማሽተቱ? ቡናው ነው። ቡና ስም ስለሆነ ስትሮንግ። ግሱ በመሃል መግባቱ ምንም አይለውጥም። ማረጋገጫው ግሱን አውጥቶ ኢዝ መተካት ነው፤ «ዚስ ኮፊ ኢዝ ስትሮንግ» ትርጉም ይሰጣል። ኢዝ ወይም ዋዝ ሲተካበት የማይፈርስ ግስ አገናኝ ግስ ነው፤ ከኋላው አድጀክቲቭ ይፈልጋል። ልጆች ሊያውቋቸው የሚገቡት ሲም፣ ቢካም፣ ሉክ፣ ሳውንድ፣ ስሜል፣ ቴስት፣ ፊል፣ ጌት፣ ስቴይ፣ ሪሜይን፣ ተርን እና ግሮው ናቸው።

ችግሩ ከእነዚህ አብዛኞቹ ሁለት ሥራ አላቸው። «ሺ ሉክድ አንግሪ» ስንል ተናዳ ትታይ ነበር ማለታችን ነው። ዋዝ ብንተካ «ሺ ዋዝ አንግሪ» ይሆናል፣ ልክ ነው። «ሺ ሉክድ አንግሪሊ አት ዘ ድራይቨር» ግን ሾፌሩን በቁጣ አየችው ነው፤ እዚህ ዋዝ ብንተካ «ሺ ዋዝ አንግሪሊ አት ዘ ድራይቨር» ይሆንና ይፈርሳል። ሉክ እዚህ በዓይን የተሠራ ድርጊት ነው፣ አንግሪሊም የድርጊቱ አኳኋን ነው። በተመሳሳይ «ዘ ሶስ ቴስትስ ባድ» ስለ ስጎው ነው፤ «ሂ ቴስትድ ዘ ሶስ ኬርፉሊ» ስለ ቀማሹ ድርጊት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ዝርዝሩን ቢያስታውሱም ባያስታውሱም የኢዝ ምትክን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ መሞከር አለባቸው።

አምስተኛውም በዚሁ ቀስት ይፈታል። ያልተለመደው ምንድነው፣ ጠዋቱ ወይስ ቅዝቃዜው? የተባለው ከወትሮው በላይ የቀዘቀዘ ጠዋት ነው። ቀስቱ ኮልድ ላይ ያርፋል፣ ኮልድ አድጀክቲቭ ነው፣ ስለዚህ አንዩዡዋሊ። ልጆች የሚስቱት አድቨርብ ግስን ይገልጻል የሚለውን የመጀመሪያ ትርጓሜ ይዘው እዚያው ስለሚቆሙ ነው።

ሦስተኛውን ለብቻው እመለስበታለሁ፤ ሰፊ ነው።

ትርሲት_አያት

መምህር ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። ብዙ ማስታወሻ ላይ «ሃው ብለህ ጠይቅ፣ የሚመልስልህ ቃል አድቨርብ ነው» የሚል አለ። ይህን መለያ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ባትሰጠው ይሻላል። «ቡናው እንዴት ነው?» ብትለው «ጥሩ ነው» ይልሃል። «እንዴት ነዳ?» ብትለው ደግሞ «በጥንቃቄ» ይልሃል። እንዴት የሚለው ጥያቄ ለሁኔታም ለአኳኋንም እኩል ስለሚያገለግል መለየት አይችልም። የእንግሊዝኛው ሃውም ቢሆን ያው ነው፤ «ሃው ዳዝ ኢት ስሜል?» ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱ ግን አድጀክቲቭ ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት «ማን ነው እንደዚህ የሆነው? ነገሩ ነው ወይስ ድርጊቱ?» ነው።

አማርኛ የሚረዳበትም የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። ቃሉ ሲተረጎም «በ» ይዞ ከመጣ፣ ለምሳሌ በፍጥነት፣ በጥንቃቄ፣ በዝግታ፣ በቀላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አድቨርብ ነው፤ ፈጣን፣ ጠንቃቃ፣ ዝግተኛ፣ ቀላል ከሆነ አድጀክቲቭ። ይህ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ይሰናከላል።

አንደኛው «ጥሩ» ነው። «ልጁ ጥሩ ነው» እንላለን፣ «ልጁ ጥሩ ይጫወታል»ም እንላለን፣ ቃሉ አይለወጥም። ልጆች «ሂ ፕሌይስ ጉድ» ብለው የሚጽፉት ከዚህ ነው። እንግሊዝኛው ሲለይ «ሂ ኢዝ ኤ ጉድ ፕሌየር»፣ «ሂ ፕሌይስ ዌል» ነው። ዌል አንድ ጊዜ አድጀክቲቭ ይሆናል፤ ስለ ጤና ሲሆን። «ሺ ኢዝ ኖት ዌል» አልተሻላትም፣ ታማለች ማለት ነው።

ሁለተኛው «ደክሞት መጣ»፣ «ተናዶ ወጣ»፣ «ጠንክሮ ሠራ» የሚለው የግስ ቅርጽ ነው። ሦስቱም በአማርኛ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ወርክድ ሃርድ» ላይ ሃርድ አድቨርብ ነው፣ የሥራውን አኳኋን ይናገራል። «ሂ ኬም ሆም ታየርድ» ላይ ታየርድ አድጀክቲቭ ነው፤ የደከመው ሰውየው ነው፣ አመጣጡ አይደለም። «ታየርድሊ» ብሎ ለማረም የሚቸኩል አራሚ አለ፤ ልጁ የጻፈው ልክ ነው፣ መነካት የለበትም።

የቃሊቲ_ተማሪ

ትርሲት እግዜር ይስጥሽ። «አይ ቬሪ ላይክ ኢት» ብዬ ስጽፍ ሁሌ ይሰረዝብኛል። በጣም እወደዋለሁ ማለት አይደል እንዴ?

ትርሲት_አያት

ለየቃሊቲ_ተማሪ፦ አዎ፣ ግን በጣም የሚለው ቃላችን ግስም ቅጽልም ያጠነክራል፤ በጣም ቆንጆ፣ በጣም እወዳለሁ። ቬሪ ግን ግስን በቀጥታ አያጠነክርም። ከአድጀክቲቭና ከአድቨርብ በፊት ብቻ ይቆማል፤ ቬሪ ናይስ፣ ቬሪ ስሎውሊ። ግሱን ለማጠንከር ወይ «አይ ሪሊ ላይክ ኢት» ወይ «አይ ላይክ ኢት ቬሪ መች» በል። «አይ ላይክ ቬሪ መች ኢት» ግን አይሆንም፤ ቬሪ መች ከግሱና ከተሳቢው መሃል አይገባም፣ ወደ መጨረሻ ይሄዳል።

ቡራዩ_ቃላት

አራተኛው ጥያቄ ላይ ማንም ስላልገባ እኔ ልግባ። ፍሬንድሊ ሊ አለው፣ ግን አድጀክቲቭ ነው። መለያው ሊውን ቆርጦ የቀረውን ማየት ነው።

የቀረው አድጀክቲቭ ከሆነ ሙሉው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አድቨርብ ነው፤ ስሎው ስሎውሊ፣ ክሊር ክሊርሊ፣ ኬርፉል ኬርፉሊ። የቀረው ስም ከሆነ ሙሉው ቃል አድጀክቲቭ ነው፤ ፍሬንድ ፍሬንድሊ፣ ላቭ ላቭሊ፣ ኮስት ኮስትሊ፣ ኮዋርድ ኮዋርድሊ፣ ማዘር ማዘርሊ፣ ኦርደር ኦርደርሊ። ስምና ሊ፣ አድጀክቲቭ። አድጀክቲቭና ሊ፣ አድቨርብ። ይህን አንድ መስመር ደብተራቸው ጥግ ላይ ይጻፉት።

ከዚህ የሚያፈነግጡም አሉ። ዴድሊ፣ ሎንሊ፣ ኤልደርሊ፣ ሲክሊ እና ላይክሊ አድጀክቲቭ ሆነው ያገለግላሉ። አግሊ፣ ሲሊ፣ ሆሊ እና ጆሊ ሲቆረጡ ትርጉም ያለው ነገር አይቀራቸውም፣ እነሱም አድጀክቲቭ ናቸው። የጊዜ ቃላት ደግሞ ሁለቱንም ይሆናሉ፤ ዴይሊ፣ ዊክሊ፣ መንዝሊ፣ ይርሊ። «ኤ መንዝሊ ሬንት» ላይ ኪራይን ስለሚገልጽ አድጀክቲቭ፣ «ዊ ፔይ መንዝሊ» ላይ መክፈልን ስለሚገልጽ አድቨርብ። እዚህ የመምህር ቀስት ብቻ ነው የሚፈርደው። ሲጻፉ በኤልና በዋይ ስለሚያልቁ ብቻ የሚያደናግሩም አሉ፤ ፋሚሊ ስም ነው፣ ሰፕላይና ሪፕላይ ስምም ግስም ይሆናሉ።

ከፍሬንድሊ አድቨርብ ማውጣት ሲፈለግ ሌላ ሊ አይደረብበትም። «ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ» ወይም «ኢን ኤ ፍሬንድሊ ማነር» ይባላል። ላቭሊ፣ ሲሊ፣ ኮዋርድሊ ላይም እንዲሁ።

ሱሉልታ_ደጋ

የኔ ሐሳብ ሁለተኛው ላይ ነው። ሊ የሌላቸው አድቨርቦች አሉ፤ ፋስት፣ ሃርድ፣ ሌት፣ ኧርሊ፣ ስትሬት፣ ሃይ፣ ሎው፣ ኒር። ኧርሊ መጨረሻው ሊ ቢሆንም እንደ ሌሎቹ ሳይለወጥ ለአድጀክቲቭም ለአድቨርብም ያገለግላል። ፋስት ላይ ሊ ፈጽሞ አይጨመርም፤ ፋስትሊ የሚባል ቃል የለም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ለምሳሌ ውሰዱ፤ «ኤ ፋስት ካር» አድጀክቲቭ፣ «ካርስ ጎ ፋስት ኦን ዚ ኤክስፕረስዌይ» አድቨርብ፣ ቃሉ ግን ያው።

የሚጎዳው ሊ ሲጨመርባቸው ትርጉማቸው የሚዞር መሆኑ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ማወቅ ግድ ነው፣ አቋራጭ የላቸውም።

ሃርድ ጠንክሮ፣ ሃርድሊ እምብዛም ወይም ከናካቴው በሚባል ደረጃ አለማድረግ።
ሌት ዘግይቶ፣ ሌትሊ ሰሞኑን።
ኒር አጠገብ፣ ኒርሊ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው።
ሃይ ከፍ ብሎ፣ ሃይሊ እጅግ።
ሾርት በአጭሩ፣ ሾርትሊ ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

«ሂ ወርክስ ሃርድ» ታታሪ ነው፤ «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ሥራ የሚባል አይሠራም። ቦታቸውም ይለያያል፤ ሃርድ ከግሱ በኋላ፣ ሃርድሊ ከዋናው ግስ በፊት። የአስጠኚው ጥያቄ ላይ ቬሪ መኖሩም ፍንጭ ነው፤ ቬሪ ሃርድሊ አይባልም። ሃርድሊ በውስጡ አሉታ ስላለው ኖት አይደገምበትም፤ «ሺ ካን ሃርድሊ ሲ» ይበቃል፣ «ሺ ካንት ሃርድሊ ሲ» ስህተት ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለመምህር። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች «ድራይቭ ስሎው» ሲሉ ይሰማል፤ ታዲያ ስሎው ለምን ስህተት ይባላል?

መምህር_ዘለገጣፎ

ስሎው እንደ አድቨርብ በንግግርና በመንገድ ምልክት ላይ አለ፣ ጥንትም ነበረ። ስህተት ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ፈተና ላይ ግን ስሎውና ስሎውሊ ጎን ለጎን ተሰጥተው ግስ የሚገልጽ ሲጠየቅ ስሎውሊ ይከበብ። ሲወዳደርም «ሞር ስሎውሊ» ብሎ መጻፍ የማያከራክር ነው። በነገራችን ላይ ውድድር ላይ ሊ ያለው አድቨርብ በአብዛኛው ሞር ይወስዳል፣ ሊ የሌለው አጭሩ ኢአር ይወስዳል፤ ሞር ኬርፉሊ፣ ሞር ክዋየትሊ፣ ግን ፋስተር፣ ሃርደር። ዌል ቤተር ይሆናል፣ ባድሊ ወርስ ይሆናል። ሁለቱን መደረብ፣ ሞር ፋስተር እንደሚሉት፣ መታረም አለበት።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጓደኛው ጋር አጣምራችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉት።

አይ ፋውንድ ዚ ኤግዛም ኢዚ።
አይ ፋውንድ ዘ ሃውስ ኢዚሊ።

ግሱ አንድ ነው፣ የቃላቱ አቀማመጥ አንድ ነው፣ ተሳቢውና የመጨረሻው ቃል ብቻ ይለያሉ። የመጀመሪያው «ፈተናው ቀሎኝ አገኘሁት» ነው። ቀላሉ ፈተናው ነው፤ ቀስቱ ኤግዛም ላይ ያርፋል። ሁለተኛው «ቤቱን በቀላሉ አገኘሁት» ነው። ቤት ቀላል አይሆንም፤ የቀለለው ማግኘቱ ነው፣ ቀስቱ ፋውንድ ላይ ያርፋል። አሁን ቦታ ቀያይሩላቸው። «አይ ፋውንድ ዚ ኤግዛም ኢዚሊ» ብንል የፈተናው ወረቀት ጠፍቶ ነበር፣ ፈልጌ ሳልቸገር አገኘሁት ማለት ይሆናል። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ጠያቂው የፈለገው ግን እሱን አይደለም። ልጆች ይህን ሲያዩ ሊ ማለት ጌጥ እንዳልሆነ፣ ትርጉም እንደሚያዞር ይገባቸዋል።

ማረጋገጫው ከተሳቢው ቀጥሎ «ቱ ቢ» ማስገባት ነው። «አይ ፋውንድ ዚ ኤግዛም ቱ ቢ ኢዚ» ይቆማል። «አይ ፋውንድ ዘ ሃውስ ቱ ቢ ኢዚሊ» ይወድቃል። ቱ ቢ የማይቀበሉ ግሶች ላይ ደግሞ «በመጨረሻ ተሳቢው ምን ሆነ?» ብለህ ጠይቅ። «ዘይ ፔይንትድ ዘ ጌት ግሪን»፤ በሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ስለዚህ አድጀክቲቭ። «ኪፕ ዘ ሩም ክሊን»፤ ክፍሉ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፣ አድጀክቲቭ። «ዘይ ፔይንትድ ዘ ጌት ባድሊ»፤ በሩ ባድሊ አልሆነም፣ ሥራው ነው የተበላሸው፣ አድቨርብ። ሜክ፣ ኪፕ፣ ሊቭ፣ ፋይንድ፣ ፔይንት ሲመጡ ልጆቹ ቆም ብለው ይህን ይጠይቁ።

ኮዬ_አስጠኚ

መምህር፣ ሁላችሁም፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ይህን የምፈልገው ነበር። አጻጻፉ ላይም ብትረዱኝ፤ ኤል ስንት ጊዜ ይጻፍ፣ ኢ መቼ ይውጣ የሚለው ላይ ነጥብ ይቆረጥባቸዋል።

ቡራዩ_ቃላት

ባጭሩ። በዋይ የሚያልቅ ባለ ሁለት ክፍለ ድምፅ ቃል ዋዩን ወደ አይ ይለውጣል፤ ሃፒ ሃፒሊ፣ ኢዚ ኢዚሊ። በኤል የሚያልቅ ኤሉን ይይዛል፣ ስለዚህ ኬርፉሊ ሁለት ኤል አለው። ፉል ግን ራሱ ሁለት ኤል ስላለው የሚጨመርበት ዋይ ብቻ ነው። ጀንትልና ሲምፕል መጨረሻቸው ኤልና ኢ ነው፤ ኢውን አውጥተው ዋይ ይተካሉ። በኢ የሚያልቁ ሌሎች ኢአቸውን ይይዛሉ፣ ናይስሊ እንደሚጻፈው፤ ትሩሊንና ሆልሊን ከመሰሉት ግን ተጠንቀቁ፣ ኢው ይወጣል። ቤዚክን የመሰሉ በአይና በሲ የሚያልቁ ቃላት መሃል ላይ ኤና ኤል ይጨምራሉ፤ ፐብሊክሊ ግን አይጨምርም።

መምህር_ዘለገጣፎ

ለልጆቹ መለማመጃ የሚሆኑ አምስት ትቼልሃለሁ። ቀስት አሥለህ አሠራቸው።

ሀ. ዘ ሚኒባስ ስቶፕድ ... ኒር ጀሞ። (ሰደን / ሰደንሊ)
ለ. ዘይ ሊቭ ኢን ኤ ... ቢልት ኮንዶሚኒየም። (ኒው / ኒውሊ)
ሐ. ዘ ሚልክ ተርንድ ... (ሳወር / ሳወርሊ)
መ. ዘ ትሬን ዋዝ ... ኢምፕቲ አት አያት። (ኒር / ኒርሊ)
ሠ. ዘ ጋርድ ስቱድ ... አት ዘ ጌት። (ሳይለንት / ሳይለንትሊ)

ኮዬ_አስጠኚ

አራቱን በትክክል ሠርተውታል፤ ሰደንሊ፣ ኒውሊ፣ ሳወር፣ ኒርሊ። ሠ ላይ ግን ግማሾቹ ሳይለንት፣ ግማሾቹ ሳይለንትሊ አሉ፣ ሁለቱም ወገን ቀስቱን ስለው ያስረዳሉ። የትኛውን ልክ ልበል?

መምህር_ዘለገጣፎ

ሁለቱንም። ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። «ስቱድ ሳይለንት» ሲባል ዘበኛው ዝም ያለ ሰው ሆኖ ቆሟል፣ ቀስቱ ጋርድ ላይ ነው። «ስቱድ ሳይለንትሊ» ሲባል አቋቋሙ ድምፅ የሌለው ነው፣ ቀስቱ ስቱድ ላይ ነው። ስታንድ፣ ሲት እና «ላይ» (መጋደም) የሚሉት ግሶች በሁለቱም ይሄዳሉ። ቀስቱን በትክክል ያስረዳ ልጅ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው። ምርጫ ፈተና ስታዘጋጅ ግን አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ግሱን ለውጥ፤ «ዘ ጋርድ ኦፕንድ ዘ ጌት ...» ብትል በሩን የከፈተበትን አኳኋን ስለሚጠይቅ ሳይለንትሊ ብቻ ይቀራል።